አሮጌ የጀልባ ሞተር ጉልበት ሲያጣ፦ ዕቃ ከመግዛት በፊት መጠየቅ

በሐይቅና በባሕር ዳርቻ ከተሞች የሚኖሩ ወገኖቻችን ቁጥር ቀላል አይደለም። ሚኒሶታ፣ ሲያትል፣ ስቶክሆልም ወይም ኦስሎ የሚኖር ሰው ዓመቱን ሙሉ ውሃ እያየ ነው የሚውለው። ከጊዜ በኋላም አንድ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ያገለገለች ትንሽ ጀልባ ከነሞተሯ በርካሽ ሲሸጥ፣ "ልጆቹ በበጋ ይዝናኑባታል" ተብሎ ይገዛል። ጀልባዋ ብዙውን ጊዜ ደህና ናት። ችግሩ ከጀርባዋ የታሰረው፣ ሠላሳ ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለገለው ሞተር ነው። ይነሳል፤ ግን አይገፋም። ነዳጅ ሲሰጡት ያጉረመርማል እንጂ ጀልባዋን ከውሃው በላይ ከፍ አድርጎ አያስኬዳትም።

የማይነሳ ሞተር ሰውን የሚያስቀረው ወደቡ ላይ ነው፤ ቢበዛ ቀኑን ያበላሻል። ደክሞ የሚሠራ ሞተር ግን የሚቆመው ቤተሰቡን ጭኖ መሐል ሐይቅ ካደረሰ በኋላ ነው። ነፋስ ሲነሳ፣ ብዙዎቻችንም ዋና ሳንማር ያደግን መሆናችን ሲታሰብ፣ ነገሩ የመዝናኛ ጉዳይ መሆኑ ይቀራል።

ሌላው ጉዳት የኪስ ነው። ባለቤቱ በመጀመሪያ ካንዴላ ይለውጣል፤ ለውጥ የለም። ቀጥሎ የካርቡሬተር መጠገኛ ይገዛል፤ ለውጥ የለም። ከዚያ ኮይል፣ ከዚያ የቤንዚን ፓምፕ እያለ ከሞተሩ ዋጋ በላይ ካወጣ በኋላ አንደኛው ሲሊንደር ቀድሞውኑ የሞተ መሆኑን ይደርስበታል። ይህን በመጀመሪያው ቀን በአንዲት ርካሽ መለኪያ ማወቅ ይችል ነበር። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር አንድ ነው፦ የጉልበት ማነስ ምልክት እንጂ በሽታው አይደለም፤ ስለዚህ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ሞተሩን በቅደም ተከተል ይጠይቁት።

ስደተኛው የሠራው ሞተር

የጀልባ ጀርባ ሞተርን ለብዙኃኑ ገበያ ካበቁት ሰዎች መካከል ቀድሞ የሚነሳው ኦሌ ኢቪንሩድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1877 ኖርዌይ ተወልዶ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ አሜሪካ ዊስኮንሲን የተሰደደ ሰው ነው። በሞቃት ቀን አይስክሬም ሊያመጣ ሐይቁን እየቀዘፈ ሲመለስ አይስክሬሙ ስለቀለጠበት ሞተር መሥራት አሰበ እየተባለ ይተረካል። ታሪኩ እንዲያም ሆነ እንዲህ፣ በ1909 እ.ኤ.አ. ሚልዋኪ ውስጥ ለገበያ ያቀረበው ሞተር ስሙን በመላው ዓለም አስጠራው።

ዛሬ በአሜሪካ ጓሮዎች ተቀምጠው ከሚገኙት አሮጌ ሞተሮች ብዙዎቹ ኢቪንሩድ ወይም መንትያው ጆንሰን ናቸው፤ ሜርኩሪና ያማሃም ይከተላሉ። ሁለቱን መንትዮች ይሠራ የነበረው ኩባንያ በ2000 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከሰረ። የገዛው የካናዳ ኩባንያም በ2020 እ.ኤ.አ. የኢቪንሩድን ሞተር ማምረት አቆመ። ይሁንና ለተለመዱት ሞዴሎች መለዋወጫ የሚሠሩ ሌሎች አምራቾች ስላሉ ዕቃው አሁንም ይገኛል።

ማንኛውም ሥራ የሚጀመረው ሞተሩን ከጀልባው ጋር በሚይዘው ብረት ላይ ያለችውን የሞዴል ቁጥር በማንበብ ነው። ከ1980 እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ የተሠሩት ጆንሰንና ኢቪንሩድ ዓመታቸው በሁለት ፊደል ተደብቆ ይገኛል። የእንግሊዝኛው "ኢንትሮዱስስ" የሚለው ቃል 10 ፊደላት አሉት፤ የመጀመሪያው ፊደል 1፣ ሁለተኛው 2 እያለ ይሄድና የመጨረሻው 0 ይሆናል። በዚህ ሒሳብ "ሲ" 8፣ "ኢ" 9 ስለሆኑ፣ "ሲኢ" የሚል ምልክት ያለበት ሞተር የ1989 ሥሪት ነው። ዓመቱን ሳያውቁ ዕቃ ማዘዝ ገንዘብን ውሃ ውስጥ መጣል ነው።

"ይሠራል" ማለት ለምን አይበቃም

እነዚህ አሮጌ ሞተሮች አብዛኞቹ ባለ ሁለት ምት ናቸው። ከመኪናችን ሞተር የሚለዩበት ትልቁ ነገር ከሥር ዘይት የሚጠራቀምበት ቋት የሌላቸው መሆኑ ነው። ዘይቱ የሚገባው ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ነው። ስለዚህ በቆሻሻ ምክንያት ቤንዚን ያነሰው ሲሊንደር ዘይትም ያንሰዋል። ቤንዚን ሲያንስ ቃጠሎው ይግላል፤ ዘይት ሲያንስ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ይፋተጋል፤ በመጨረሻም ይነክሳል። "ደከም ብሏል እንጂ ይሠራል" ብሎ በጋውን ሙሉ መንዳት፣ በጥቂት ዶላር ይድን የነበረውን ሞተር ወደ ቁርጥራጭ ብረት መለወጥ ነው።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ ማስጠንቀቂያ። አንዳንድ ሞዴሎች ዘይቱን ከተለየ ታንክ ስበው ራሳቸው የሚደባልቁበት ፓምፕ ነበራቸው። ብዙ ባለቤቶች ፓምፑን ስላላመኑት አስወግደውታል። ሞተሩን ሲገዙ ይህን የግድ ይጠይቁ። ፓምፑ ተነቅሎ ሳለ እርስዎ ዘይት ያልገባበት ቤንዚን ከሞሉ፣ ሞተሩ ብዙም ሳይቆይ ያልቃል። የተለመደው ድብልቅ 50 ለ 1 ነው፤ ይኸውም ለ25 ሊትር ቤንዚን ግማሽ ሊትር ለጀልባ ሞተር ተብሎ የተሠራ የባለ ሁለት ምት ዘይት ማለት ነው። ከ1960ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠሩት ብዙ ጆንሰንና ኢቪንሩዶች ግን 24 ለ 1 ይፈልጋሉ።

አንደኛ ጥያቄ፦ ጥፋቱ የሞተሩ ነውን?

ሞተሩን ከመፍታት በፊት ሌሎቹን ተጠርጣሪዎች ማሰናበት ይገባል። የድሮ ጀልባዎች ወለላቸው ሥር ያለው ፎም ውሃ እየመጠጠ በዓመታት ውስጥ ብዙ ኪሎ ይጨምራል። ሆዱ ላይ የበቀለ አልጌም ጀልባዋን ወደ ኋላ ይጎትታታል። የፕሮፔለር ቅጠል መታጠፍም እንዲሁ።

ቀጥሎ የነዳጅ መስጫውን ገመድ ይዩ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ አንድ ሰው መስጫውን እስከ መጨረሻው ይግፋ፤ እርስዎ የካርቡሬተሩን በር ይመልከቱ። ገመዱ ስለረገበ ብቻ በሩ ግማሽ ድረስ የሚከፈት ስንት ሞተር "ታሟል" ተብሎ ተፈትቷል!

ከሁሉም የሚጠቅመው ግን የዙር መቁጠሪያ ነው። እነዚህ ሞተሮች መስጫው ሙሉ በሙሉ ሲከፈት በደቂቃ በአብዛኛው ከ4,500 እስከ 5,500 ዙር እንዲደርሱ ነው የተሠሩት፤ የእርስዎን ትክክለኛ ቁጥር የሞተሩ መጽሐፍ ይነግርዎታል። ዙሩ ከፍ ብሎ ጀልባዋ ካልፈጠነች ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ ፕሮፔለሩ ጋ ነው። በፕሮፔለሩ እምብርት ውስጥ ያለው ጎማ ተላቆ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማረጋገጥ ከውስጠኛው እምብርት እስከ ውጭኛው አካል ድረስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር በቀለም ያስምሩና ነድተው ይመለሱ። መስመሩ ለሁለት ተከፍሎ ከተራራቀ ጎማው ይንሸራተታል ማለት ነው። ዙሩም ፍጥነቱም ዝቅ ካሉ ግን ወደ ሞተሩ እንለፍ።

ሁለተኛ ጥያቄ፦ ኮምፕሬሽን አለውን?

ብዙ ሰው ይህን የሚያስታውሰው በመጨረሻ ነው፤ መሆን ያለበት ግን በመጀመሪያ ነው። ኮምፕሬሽን (እመቃ) ማለት ፒስተኑ አየርና ቤንዚኑን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚጨምቅ ማለት ነው። ይህ ከሌለ አዲስ ካንዴላም ሆነ የነጻ ካርቡሬተር ከንቱ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሞተሩን ያሙቁና ያጥፉት፤ ካንዴላዎቹን በሙሉ ይንቀሉ፤ የካንዴላ ገመዶቹን ከማሳ ማለትም ከሞተሩ ብረት ጋር ያገናኙ፤ ነዳጅ መስጫውን ይክፈቱ፤ መለኪያውን በአንዱ ሲሊንደር ቀዳዳ አስገብተው ቁጥሩ መጨመር እስኪያቆም ያስነሱ። ሁሉንም በየተራ ለክተው ይጻፉ። በአብዛኞቹ አሮጌ ሞተሮች በስኩዌር ኢንች ከ90 እስከ 130 ፓውንድ ያለ ቁጥር ይጠበቃል። ከቁጥሩ ትልቅነት ይልቅ ዋናው ጉዳይ ግን መቀራረባቸው ነው። በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ10 በመቶ ገደማ መብለጥ የለበትም። ሁለቱ 115፣ ሦስተኛው 70 ካሉ እዚያው ያቁሙ። ወይ የፒስተኑ ፋሻ ተጣብቋል ወይም ተሰብሯል፤ ወይ ግድግዳው ተጭሯል፤ ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል። የመጨረሻው በርካሽ ይጠገናል፤ ሌሎቹ ሞተር ማውረድን ይጠይቃሉ። ሳንቲም ከማውጣትዎ በፊት ማወቅ የሚገባዎት ይህንን ነው።

ሦስተኛ ጥያቄ፦ እሳት ይሰጣልን?

ኮምፕሬሽኑ ደህና ከሆነ ካንዴላዎቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ። በሙሉ ፍጥነት ጥቂት ነድተው ሞተሩን በድንገት ያጥፉና ካንዴላዎቹን ነቅለው ጎን ለጎን ይደርድሯቸው። ፈዛዛ ቡናማ ከሆኑ ደህና ነው። ሁለቱ ቡናማ ሆነው አንዱ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ያ ሲሊንደር እሳት አላገኘም። አንዱ ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶት እየጋለ ነው፤ ይህ ከሁሉም የሚያስፈራው ነው። አንዱ ታጥቦ የጸዳ ከመሰለ ደግሞ ውሃ እየገባበት ነው፤ ጓርኒሲዮኑን ይጠርጥሩ።

እሳቱን ለመለካት ክፍተቷ የሚስተካከል መሞከሪያ አለች። ጤነኛ የማቀጣጠያ ሥርዓት 11 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ዘሎ ሰማያዊ ብልጭታ መስጠት ይኖርበታል። ይህ ሲሠራ ከካንዴላው ቀዳዳ የቤንዚን ትነት ስለሚወጣ መሞከሪያዋን ከቀዳዳው አርቀው ይያዙ። በቆዩት ሞተሮች የሚቃጠለው ፑንቲናው ነው። በኋላ በመጡት ደግሞ ፑንቲናውን የተካው የኤሌክትሮኒክስ ሣጥን አለ። ይህ ሣጥን ወይም ኮይሉ ሲያረጅ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ በደንብ ይሠራና ሲሞቅ እሳቱ ይጠፋል። ስለዚህ "ሃያ ደቂቃ ጥሩ ሄዶ ከዚያ ደከመ" የሚል ሞተር መፈተሽ ያለበት እንደሞቀ፣ በደከመባት ሰዓት ነው። ቤት ወስደው በማግሥቱ ቢፈትሹት ምንም አያገኙም።

አራተኛ ጥያቄ፦ ቤንዚኑ ይደርሳልን?

ኮምፕሬሽንም እሳትም ኖሮ ጉልበት ከሌለ ጉዳዩ ቤንዚን ነው፤ ብዙውን ጊዜም እዚሁ ነው የሚገኘው። በአሜሪካ አብዛኛው የመኪና ቤንዚን 10 በመቶ ኤታኖል አለበት፤ ስዊድንና ብሪታንያም በ2021 እ.ኤ.አ. ወደዚሁ ድብልቅ ገብተዋል። ኤታኖል ውሃ ይስባል። የውሃው መጠን ሲበዛም ውሃውና ኤታኖሉ ከቤንዚኑ ተለይተው ወደ ታች ይዘቅጣሉ፤ የታንኩ መምጠጫ ያለው ደግሞ እዚያው ታች ነው። በዚያ ላይ የድሮ የጎማ ቱቦዎችን ከውስጥ ይልጣል። ፍርፋሪው ሄዶ ካርቡሬተር ውስጥ ቤንዚኑ የሚለካባትን ቀጭን የነሐስ ቀዳዳ ይደፍናል። ኤታኖል የሌለበት ቤንዚን ከተገኘ ለአሮጌ ሞተር እሱ ይመረጣል። 15 በመቶ ኤታኖል ያለበትን ግን በአሜሪካ ለጀልባ ሞተር መጠቀም በሕግም የተከለከለ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ ነጻ ነው ለማለት ይቻላል። ትንሽ የተንቀሳቃሽ ታንክ ይዋሱ፤ ትኩስ ቤንዚን በትክክለኛ የዘይት መጠን ይደባልቁ፤ ንጹሕ ቱቦ ይግጠሙለትና ይንዱ። ሞተሩ ከዳነ በሽታው ከሞተሩ ውጭ ማለትም በታንኩ፣ በቱቦው ወይም በፊልትሮው ነበር።

ካልዳነ በቱቦው መካከል ያለችውን እንቁላል የምትመስል የጎማ የእጅ ፓምፕ ያስተውሉ። ሞተሩ ሲደክም ረዳትዎ ይጭመቃት። ሲጭመቅ ሞተሩ ነፍስ ከዘራ የሞተሩ የቤንዚን ፓምፕ ደክሟል፤ ወይም ከቱቦው አየር እየገባ ነው። ፓምፑ የሚሠራው በሞተሩ ውስጥ ባለው ግፊት በምትርገበገብ ቀጭን ሽፋን ነውና ሽፋኗ ስትቀደድ ይሰንፋል፤ መተኪያዋም ርካሽ ነው። እንቁላሏ እንደተመጠጠች ጠፍጣፋ ሆና ከቀረች ደግሞ ከወደ ታንኩ የተዘጋ ነገር አለ። የታንኩ ክዳን መተንፈሻ ሳይከፈት ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ከሚገመተው በላይ ያጋጥማል።

ሌላም ሙከራ አለ። ሞተሩ በኃይል ሲደክም ቾኩን ለአፍታ ነካ ያድርጉት። ዙሩ ከጨመረ ቤንዚን አንሶታል ማለት ነው። ያን ጊዜ በዚያው ፍጥነት መንዳቱን ያቁሙና ካርቡሬተሩን ፈተው ያጽዱ። የሚረጭ ማጽጃ በአፉ በኩል መንፋት ብቻውን አይበቃም፤ ቀዳዳዎቹ አንድ በአንድ ወጥተው ብርሃን እስኪያሳልፉ መጽዳት አለባቸው። ሞተሩ በሚኒሞ ጥሩ ሠርቶ በሙሉ ፍጥነት ብቻ ከደከመ የተደፈነችው የከፍተኛ ፍጥነቷ ቀዳዳ ናት፤ በሚኒሞ ቆሞ በፍጥነት ደህና ከሆነ ደግሞ ሌላኛዋ። ካርቡሬተሩ በአፉ ቤንዚን ወደ ውጭ የሚተፋ ከሆነ ግን ከኋላው ያሉት ቅጠል መሳይ ቫልቮች መታየት አለባቸው።

አምስተኛ ጥያቄ፦ ውሃው ይዞራልን?

ሞተሩ የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ በሚስበው ውሃ ነው። ውሃውን የሚስበው ከታች፣ ከማርሹ በላይ የተቀመጠ የጎማ ቅጠሎች ያሉት ትንሽ ፓምፕ ነው። ጎማው ባይሠራም ያረጃል፤ በሁለትና በሦስት ዓመት አንዴ መለወጥ ይኖርበታል። ያገለገለ ሞተር የገዛ ሰው መቼ እንደተለወጠ ካላወቀ እንዳልተለወጠ ይቁጠረው። ሲሠራ ከጀርባው የሚወረወረው ቀጭን የውሃ ፈትል ከደከመ ወይም በእጅ የማይነካ እስኪሆን ከጋለ ወዲያውኑ ያጥፉት። አንዳንድ ሞተሮች ሲግሉ ራሳቸውን ለማዳን ዙራቸውን ይቀንሳሉ፤ ባለቤቱ ግን "ጉልበት አጣ" ብሎ ካርቡሬተር ይፈታል። ቴርሞስታቱ ክፍት ሆኖ ከተጣበቀ ደግሞ ሞተሩ መሞቅ ሲገባው አይሞቅም፤ ካንዴላዎቹም ቶሎ ይጠቁራሉ።

በገልፍ አገሮች በጨዋማ ባሕር ለሚነዱ ይህ ክፍል ከሁሉም ይበልጣል። ጨው የውሃ መንገዶቹን ውስጥ ውስጡን ይዘጋቸዋል። በተነዳ ቁጥር በንጹሕ ውሃ ማጠብ ግድ ነው። በየትኛውም ቦታ ቢሆን ያለ ውሃ ለጥቂት ሴኮንድም አያስነሱት። ቤት ውስጥ በቧንቧ ውሃ ሲሞከርም በሚኒሞ ብቻ ይሁን፤ ያለ ጭነት ማስጮህ ሞተር ይሰብራል።

አየሩ ሲሳሳ

አንዳንዴ በሽታ ሳይኖር ጉልበት ይጎድላል። ከባሕር ወለል በላይ በ300 ሜትር ገደማ ከፍ ባልን ቁጥር ሞተር ወደ 3 በመቶ የሚጠጋ ኃይል ያጣል። ጣና ሐይቅ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው የሚገኘው። እንግዲህ ሲያትል ላይ በባሕር ወለል የተሞከረ ባለ 25 የፈረስ ጉልበት ሞተር ባሕር ዳር ሲደርስ ከ15 በመቶ በላይ ኃይሉን ትቶ ነው የሚደርሰው። ለአገር ቤት ሞተር ለመላክ የሚያስቡ ይህን ከወዲሁ ይወቁት። መፍትሔው ሞተር መፍታት ሳይሆን በአንድ ዙር አጠር ያለ መንገድ የሚገፋ ፕሮፔለር መግጠም ነው፤ የአንድ ኢንች ልዩነት ከ150 እስከ 200 ዙር ያህል ይመልሳል። ኮሎራዶ ተራሮች ላይ ጀልባ ላለውም ምክሩ ያው ነው።

ሒሳቡና ጥንቃቄው

ጥያቄዎቹን ጨርሰው መልሱን በወረቀት ካሰፈሩ ውሳኔው ቀላል ይሆናል። ኮምፕሬሽኑ እኩል ከሆነ ሞተሩ ገንዘብ ሊወጣበት ይገባዋል፤ የጎማ ፓምፕ፣ የቱቦ፣ የካንዴላና የካርቡሬተር መጠገኛ ዋጋ ተደምሮ ከአዲስ ሞተር ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ኮምፕሬሽኑ ከወደቀ ደግሞ ስሜትን ትቶ መሸጥ ወይም ለመለዋወጫ መስጠት ይሻላል። ከሁሉ በፊት የሐይቁን ደንብ ይጠይቁ፤ ለምሳሌ በታሆ ሐይቅ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካርቡሬተር ያላቸው ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ታግደዋል።

የጋራዥ አማርኛችን ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ ፑንቲና እያለ ከጣሊያን የተዋሰው ስለሆነ በአሜሪካ መደብር አይገባቸውም፤ የተነቀለውን ዕቃ ራሱን ይዞ መሄድ ከሁሉ ቋንቋ ይሻላል።

በመጨረሻም የሙከራ ጉዞ የቤተሰብ ሽርሽር አይደለም። የመጀመሪያውን ዙር ከአንድ ረዳት ጋር፣ ከዳርቻው ሳይርቁ፣ የመንሳፈፊያ ጃኬት ለብሰው፣ መቅዘፊያና ስልክ ይዘው ያድርጉት። ነጂው ቢወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋውን ገመድ በሰውነትዎ ላይ ይሰሩ፤ በአሜሪካ ይህ ገመድ በተገጠመላቸው አብዛኞቹ ትንንሽ ጀልባዎች ላይ ከሚያዝያ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግም ግዴታ ነው። ሞተሩ ሦስት ጊዜ በሙሉ ጉልበቱ ወጥቶ ከተመለሰ፣ ካንዴላዎቹም እኩል ቡናማ ሆነው ከወጡ፣ ያን ጊዜ ልጆቹን ይጥሩ።

መልካም የበጋ ወራት ይሁንልዎ።